«ሜጋ ጨምር» ባዮችን አትስሙ

በደብረ ታቦር ጌም ቤቶችም ሆነ በየግቢው የተከራይ ክፍል፣ ኦንላይን የሚጫወት ሰው ኮኔክሽኑ ባስቸገረው ቁጥር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ሜጋ ጨምር!» ኳስ እግሩ ሥር እያለ ስክሪኑ ድርቅ ብሎበት፣ ሲመለስ ጎል ተቆጥሮበት ያገኘውም፤ በስልኩ ሆትስፖት እየተጫወተ ከባሕር ዳር ጓደኛው ጋር መገናኘት ያቃተውም፤ ቀን ደኅና ሆኖ ማታ ማታ ብቻ የሚንቀራፈፍበትም ችግራቸው ለየቅል ነው። የሚታዘዝላቸው መድኃኒት ግን ያው ነው። ይህ ምክር ከወረታ እስከ ንፋስ መውጫ፣ አልፎም አዲስ አበባ ድረስ እንደ እውነት ተይዟል። ሰውም ይታዘዛል፤ ከ4 ሜጋ ወደ 10፣ ከ10 ወደ 25 እያሳደገ ይከፍላል፤ ጨዋታው ግን እንደ ነበረው ይንቀጠቀጣል። እኔ ምክሩ ስሕተት ነው እላለሁ። ትንሽ የተንሸዋረረ ሳይሆን ከሥሩ የተሳሳተ፣ የወጣቱን ገንዘብ ያለ ፍሬ የሚያስበላ፣ ይባስ ብሎም ትክክለኛውን ጥያቄ እንዳንጠይቅ ያደረገን ምክር ነው።

ከሒሳቡ እንጀምር። ኦንላይን ጨዋታ ሲካሄድ በመስመሩ የሚመላለሰው ምስል አይደለም። ሜዳውን፣ ተመልካቹን፣ የተጫዋቹን ላብ ሳይቀር የሚሥለው ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው ፕሌይስቴሽን ራሱ ነው። በመስመሩ የሚሄደው «ይህን ቁልፍ ተጫንሁ፣ ወደ ግራ ዞርሁ» የሚል አጭር መልእክትና መልሱ ነው። መልእክቱ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይላካል እንጂ እያንዳንዱ ኢምንት ነው። ሁሉም ተደምሮ ለአብዛኛው ጨዋታ በሰከንድ ከ1 ሜጋ ቢት በታች ይበቃል። ስለዚህ 4 ሜጋ ያለው ሰው ለጨዋታው ከበቂ በላይ አለው። 25 ሲያደርገው ለጨዋታው ምን ተጨመረለት? ምንም።

ጨዋታው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቹ «ፒንግ» ይሉታል። መልእክት ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ የሚለካውም በሚሊሰከንድ ነው። ኮንሶሉ በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ አንዱ ምስል 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቆያል። ዱባይ ላይ ባለ ሰርቨር ፒንጉ 20 የሆነ የዚያው ከተማ ልጅና ፒንጉ 150 የሆነ የደብረ ታቦር ልጅ ቢገጥሙ፣ የኛው ልጅ 8 ምስል ያህል ዘግይቶ ነው የሚጫወተው። ተከላካዩ ሲንሸራተት እሱ ገና ሩጫውን እያየ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የፒንግ መዋዠቅ ነው። ሁልጊዜ 150 የሆነን ፒንግ እጅ ይለምደዋል፤ አንዴ 90፣ አንዴ 600 የሚሆነውን ግን ማንም አይለምደውም። ወዳጆቼ «ላግ» እያሉ የሚራገሙት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን መዋዠቅ ነው፤ የፓኬጁ መጠን እዚህ ውስጥ ሚናው ትንሽ ነው።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ይከፈላል። ቅናሽ የሌለው ቀረጥ ነው። የትልልቆቹ ጨዋታዎች ሰርቨር አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ለኛ ቅርብ የሚባሉት በባሕረ ሰላጤው፣ በደቡብ አፍሪካና በአውሮፓ ያሉት ናቸው። አማዞን እንኳ ሰርቨር የሚያከራይባቸውን ማዕከላት ባሕሬን ላይ የከፈተው በ2019፣ ኬፕታውን ላይ በ2020፣ ኤምሬትስ ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን አንድም ቦታ ሳይታጠፍ ቢሄድ እንኳ ለደርሶ መልስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሳይታጠፍ ደግሞ አይሄድም። ባሕር በር የሌለን ነንና መስመራችን የሚወጣው በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው።

በጳጉሜን 2017 ጂዳ አጠገብ የባሕር ሥር ገመዶች ሲቆረጡ ማይክሮሶፍት ለደንበኞቹ ያስታወቀው በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የሚያልፈው ግንኙነት ሊዘገይ እንደሚችል ነበር። ነገሩን አስተውሉት። ገመዱ ተቆረጠ፤ መረጃው በዙሪያ መንገድ ሄደ፤ መዘግየቱ ጨመረ። በዚያ ሳምንት ጨዋታ እንዲሻለው ብሎ ሜጋ ያሳደገ ሰው ካለ ገንዘቡን ለቀይ ባሕር ዓሣ ነው ያበላው።

የደብረ ታቦር ሰው ይህን ከማንም ቀድሞ ሊያውቀው ይገባ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያኑ ሚሲዮናውያን ያስቀለጡት ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ወራት የፈጀው መድፉ አንሶ አልነበረም፤ መንገድ ስላልነበረ ነው። ንጉሡ ያን ሁሉ ጊዜ መድፍ ሲያስተልቁ አልከረሙም፤ ገደል ሲያስንዱ፣ ድንጋይ ሲያስነሡ፣ መንገድ ሲያስጠርጉ ነው የከረሙት። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን መንገዱ ሲያስቸግረን የምናስበው መድፉን ማሳደግ ሆነ።

«እንግዲያማ ርቀቱ የማይቀር ከሆነ፣ እቤት ያለውን ራውተር መነካካቱ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ራውተር ፍራንክፈርትን ወደ ጉና ተራራ አያቀርባትም። ነገር ግን መዘግየት ሁለተኛ ምንጭ አለው፤ እሱም እቤታችን ውስጥ ነው። ማታ ማታ ብቻ ለሚንቀራፈፍ፣ አንዴ ደኅና ሆኖ አንዴ ለሚደርቅ ጨዋታ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው የቤቱ ችግር ነው። ርቀትማ ቀንም ማታም ያው ነው።

የተለመደውን የከተማችንን ግቢ እንውሰድ። አከራዩ መስመሩን ያስገባሉ፤ ተከራዮቹ ወርኀዊ ክፍያውን ይካፈላሉ፤ ፓስወርዱ ከበር እስከ ጓሮ ሁሉም ዘንድ አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንዱ ክፍል ውስጥ ጨዋታ ይጀመራል። በዚያው ሰዓት ሌላው ተከራይ የሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም ይልካል፤ የአንዷ ስልክ ቀኑን ሙሉ ያነሣችውን ፎቶ ሳትነግረው ወደ ጉግል ይሰቅላል። መስመሩ ወደ ውጭ የመላክ አቅሙ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ነው እንበል። ስልኮቹ የሚልኩት ከዚያ በላይ በመሆኑ ራውተሩ የተረፈውን በራሱ ማኅደር ውስጥ ወረፋ ያስይዘዋል። ወረፋው 250 ኪሎ ባይት ከሞላ፣ ያ ማለት 2 ሜጋ ቢት ነውና፣ ተላልፎ ለማለቅ 2 ሙሉ ሰከንድ ያስፈልገዋል። የጨዋታው መልእክት፣ ያ ኢምንቱ «ወደ ግራ ዞርሁ»፣ የሚቆመው ከወረፋው ጫፍ ነው። ሁለት ሰከንድ! እስከ ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ ያለው ርቀት ሁሉ ተደምሮ የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ልጁ ግን አውሮፓን ይረግማል፣ ቴሌን ይረግማል፣ ወንበዴው የራሱ ቡፌ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴ መብራት እያብለጨለጨበት።

እዚህ ላይ ሜጋ መጨመር ጭራሽ አይረዳም ብል ዋሾ እሆናለሁ። የመላኪያው አቅም ሲያድግ ወረፋው ቶሎ ይቀልላል። ነገር ግን ቪዲዮ የሚልክ ስልክ የተሰጠውን አቅም ሁሉ የሚጠቀም ፍጥረት ነው፤ 1 ሜጋ ብትሰጡት 1፣ 5 ብትሰጡት 5 ይሞላል፤ እስኪጨርስ ድረስ ወረፋው ይኖራል። በዚያ ላይ በብዙ መስመር ከፍ ብሎ የሚሸጠው የማውረጃው ፍጥነት ነው፤ መላኪያው ከሱ ጋር እኩል አያድግም። ይህን በሽታ አሜሪካዊው መሐንዲስ ጂም ጌቲስ በ2010 እ.ኤ.አ. ከራሱ ቤት መስመር ተነሥቶ ለዓለም አስታወቀ። በ2012 እ.ኤ.አ. ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን የመጀመሪያውን ጥሩ ፈውስ አቀረቡ፤ ራውተሩ ወረፋው ከመጠን በላይ እንዳይረዝም የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። ከዚያ የተወለደው «ኤፍኪው ኮዴል» በ2018 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች ሰነድ ታትሟል። እንግዲህ መድኃኒቱ የታወቀ፣ የተፈተነና በነፃ የተሰጠ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ስሙን የሰማ ሰው ማግኘት ግን ይከብዳል፤ «ሜጋ ጨምር» ሁሉን ሸፍኖታልና።

በሽታው እናንተ ቤት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና አንድ ቅን ጎረቤት ነው። ነፃ የፒንግ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጫኑና መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ ፒንግ አድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው፤ ከጀርባው ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጥቂት ሚሊሰከንድ መሆን አለበት። 50 ወይም 100 ካሳየ ችግሩ ዋይፋዩ ነው፤ ኢንተርኔቱ ገና ከቤት አልወጣም። ቀጥሎ ወደ ውጭ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጉና ቁጥሩን ያዙ። አሁን ጎረቤት ትልቅ ቪዲዮ ይላክ። ቁጥሩ ከ80 ዘልሎ 900 ከገባ የምትፈልጉትን አግኝታችኋል። ይህ ሙከራ ምንም አያስከፍልም፤ ፓኬጅ ከማሳደግ በፊት ሳይሠሩት መቅረት ግን ያስከፍላል።

ማስተካከያው እንደ ራውተሩ ይለያያል። ከመስመሩ ጋር የሚሰጡት የሁዋዌና የዜድቲኢ ሣጥኖች ብዙ ጊዜ «ኪውኦኤስ» የሚል ገጽ አላቸው፤ አንዳንዱ ይረዳል፣ አንዳንዱ ለይስሙላ ነው። የቲፒ ሊንክ ራውተር ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ለየመሣሪያው ጣሪያ የሚወስንበት የባንድዊድዝ መቆጣጠሪያ ያገኛል። ከሁሉ የሚሻለው ኤፍኪው ኮዴልን ወይም ታናሽ ወንድሙን «ኬክ»ን የሚያውቅ ራውተር ነው፤ «ኦፕን ደብሊውአርቲ» የሚጫንበት ማናቸውም፣ ወይም በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው ማይክሮቲክ ከ7ኛው ሶፍትዌሩ ጀምሮ ይህንን ይችላል። ምሥጢሩ አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ፍጥነቱን መስመሩ በተግባር ከሚሰጠው ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ ወስኑት። መስመሩ 1 ሜጋ ከላከ 0.9 በሉት። ያን ጊዜ ወረፋው የሚፈጠረው ማስተዋል በሌለው ሣጥን ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ሥርዓት በሚያውቀው ራውተር ውስጥ ይሆናል። አዎ፣ ጨዋታው እንዲሻል ፍጥነት ትቀንሳላችሁ። «ሜጋ ጨምር» ባይ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ሙከራውን ደግመው ይሥሩትና ከዚያ ይሳቁ። አዲስ ራውተር የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ከተከራዮቹ ጋር ይነጋገር፤ የፎቶ መስቀያው በራሱ የሚሠራው ሌሊት ይሁን ቢባል ማንም አይከፋም።

ወደ ቡፌው ልመለስ። በኛ ቤት ራውተር የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ሳሎን ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ዳንቴል ለብሶ። ዳንቴሉ ሙቀት ያፍንበታል፤ ቴሌቪዥኑ ፊቱን ይጋርደዋል። ተጫዋቹ ያለው ደግሞ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ነው፤ መሐል ላይ የጭቃ ግድግዳ፣ የብረት በርና የቆርቆሮ ክፍልፍል አለ። ጭቃው ሞገዱን ያዳክመዋል እንጂ ያሳልፋል፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። 2.4 ጊጋኸርዙ ግድግዳ ይሻገራል፤ ነገር ግን የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይም፣ የጆይስቲኩ ብሉቱዝም እዚያው ላይ ነው የሚጋፋው። እሱን መጠቀም ግድ ከሆነ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱ ላይ አድርጉት፤ ከሌሎቹ ጋር የማይደራረቡት እነዚህ ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ጸጥ ያለ ነው፤ ግን ከአንድ ክፍል ብዙ አይርቅም። ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀር ነገር አለ፤ ኬብል። ካት 5 ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ከቡፌው እስከ ጓሮ ስንት ሜትር ነው? ስድስት አንቴና ያለው «የጌም ራውተር» ከሚገዛ ኬብሉን በግድግዳው ጥግ አስሮ ማስገባት በዋጋም በውጤትም ይሻላል።

አሁን ደግሞ ከባሕር ዳር ጓደኛው ጋር ሊገናኝ ያቃተውን ልጅ እንይ። የሱ ችግር መዘግየትም አይደለም፤ በር ነው። አንድ ቤት ከውጭ የሚታይበት አድራሻ አንድ ነው፤ ራውተሩ «ናት» በሚባለው አሠራር ያንን ለውስጥ መሣሪያዎች ያካፍለዋል። ከውስጥ የተጠራ መልስ ይገባል፤ ከውጭ በራሱ የመጣ እንግዳ ግን በሩ ላይ ይመለሳል። ፕሌይስቴሽን የኔትወርክ ሙከራው ላይ ይህንን በቁጥር ይነግራል፤ ዓይነት 2 ከሆነ ደኅና ነው፣ ዓይነት 3 ከሆነ በሩ ተዘግቷል። ኤክስቦክስ ክፍት፣ መካከለኛ፣ ጥብቅ ይላል። ሁለት ተጫዋቾችን በቀጥታ በሚያገናኙ ጨዋታዎችና በድምፅ ወሬው ላይ ዓይነት 3 የሆነ ሰው ብዙ በር ይዘጋበታል። እዚህ ላይ ነው ሜጋ ጨምር ማለት ዕብደት የሚሆነው፤ የተዘጋ በር በ4 ሜጋም በ100 ሜጋም ተዘግቶ ይኖራል።

መክፈቻው ራውተሩ ላይ «ዩፒኤንፒ» የሚለውን ማብራት ነው፤ ኮንሶሉ የሚፈልገውን ፖርት ራሱ ጠይቆ ያስከፍታል። ብዙ ኮንሶል ለሚያሠራ ጌም ቤት ከዚህ የሚቀል አማራጭ የለም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በእጅ የሚከፈት ፖርት፣ ለምሳሌ ኤክስቦክስ የሚጠቀምበት 3074፣ የሚመራው ወደ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። የአይቲ ባለሙያዎች «ዩፒኤንፒን ዝጉ» ሲሉ ሰምታችኋል፤ ለባንክና ለቢሮ ልክ ናቸው፤ ቫይረስ የገባበት ኮምፒዩተርም በዚያው መንገድ በር ሊያስከፍት ይችላልና። እቤት ግን ራውተሩ ከፋብሪካ የመጣበትን ፓስወርድ ቀይሮ፣ ሶፍትዌሩን አድሶ መጠቀም ተመጣጣኝ ስጋት ነው ባይ ነኝ።

ሁለት ወጥመዶች ግን አሉ። አንዱ፣ ዋይፋዩ ጓሮ እንዲደርስ ተብሎ ሁለተኛ ራውተር የሚገጠምበት ቤት ነው፤ በር ላይ በር ይሆናል። ሁለተኛውን «አክሰስ ፖይንት» ወደሚለው አሠራር ቀይሩትና አንዱ በር ይነሣል። ሁለተኛው ወጥመድ ከቤት ውጭ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት የሚሰጡ ኩባንያዎች አድራሻ ስለማይበቃቸው ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ኋላ ያሰልፋሉ፤ ለዚሁ ሥራ ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ተመድቧል። ራውተራችሁ የውጭ አድራሻዬ ብሎ የሚያሳየው በዚህ ክልል ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ እናንተ የምትከፍቱት በር ወደ ጎዳና አይወጣም፤ ወደ ኩባንያው ኮሪደር ነው የሚወጣው። የሰማይ ሴቲንግ ሁሉ ብትነካኩ አይሠራም። ያንን የሚፈታው የራሳችሁን አድራሻ ከኩባንያው መጠየቅ ነው። በሆትስፖት የሚጫወተው ልጅም መጠየቅ የነበረበት ይህንን ነው፤ ማንም ግን አልነገረውም።

ሌሎቹን ተረቶች በአጭሩ ልሸኛቸው። ዲኤንኤስ መቀየር ፒንግ አይቀንስም፤ ስም ፈልጎ ካገኘ በኋላ ጨዋታው ውስጥ የለበትም። ቪፒኤን አልፎ አልፎ የተሻለ መንገድ ያገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዙሪያ ይጨምራል። የፕሌይስቴሽኑ ኔትወርክ ፒኤስኤን ከሚያገለግላቸው አገሮች ኢትዮጵያ ስለሌለችበት ልጆቻችን አካውንታቸውን የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ አድርገው ይከፍታሉ፤ «ላግ የሚያደርገኝ አካውንቴ አሜሪካ ስለሆነ ነው» የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ አካውንቱ የተከፈተበት አገርና ጨዋታው የሚካሄድበት ሰርቨር የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ከሁሉ የማከብረው ተቃውሞ «ጥፋቱ የኛ አይደለም» የሚለው ነው። አለመስማማት አይቻልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ራውተር አስተካክሉ የሚል ሰው ቢመጣ እኔም እቆጣ ነበር። መብራትም እንዲሁ ነው። ለዚህኛው እንኳ ትንሽ መላ አለ፤ አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራ በአነስተኛ ባትሪ ሰዓታት ይቆያል፤ ግን ቴሌቪዥኑና ኮንሶሉ ጠፍተው ራውተሩ ብቻውን ቢበራ ለማን ይፈይዳል? ለስልክ ካልሆነ በቀር። ከመስመሩ የመጣን ጉድለት በቤት ሴቲንግ ማከም አይቻልም፤ ይህን የሚክድ ሰው ሻጭ ነው።

ነገር ግን «ሜጋ ጨምር» ያሉት ሰዎች ኩባንያዎቹን የሚሞግቱ መስሏቸው ነፃ እያወጧቸው ነው። ደንበኛ ሁሉ ስለ ሜጋ ብቻ ከጠየቀ ኩባንያውም የሚሸጠው፣ የሚያስተዋውቀውና የሚጠየቅበት ሜጋ ብቻ ይሆናል። «ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል» ብሎ የአገልግሎት መስኮት ፊት የቆመ ሰው ከፍ ያለ ፓኬጅ ይዞ ይመለሳል። «በኬብል ነኝ፤ ራውተሬ ዘንድ 1 ሚሊሰከንድ ነው፤ ማንም ሌላ ሰው ሳይጠቀም ከበሬ ውጭ 400 ይሆናል፤ ይኸው የሦስት ምሽት ቁጥር» ብሎ የቆመ ሰው ግን በፓኬጅ አይሸኝም። የቤቱን ድርሻ ያስተካከለ ሰው ነው የውጩን ድርሻ በመረጃ የሚጠይቀው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ነው እንዴ?» ለሚሉ አባቶችና እናቶች፦ የጨዋታውን መልእክት 2 ሰከንድ ያቆመው ወረፋ፣ ሪያድ ካለች ልጃችሁ ጋር በኢሞ ስታወሩ ድምፅ የሚቆራርጠውም እሱ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው የኦንላይን ትምህርት የሚደርቅበትም እንዲሁ። ልጁ ለኳሱ ሲል ቢያስተካክለው ግቢው ሁሉ ይጠቀማል።

ሜጋ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ፤ እሱን አልነፍግም። ጨዋታውን ማውረድ። 50 ጊጋ ባይት የሆነ ጨዋታ በ4 ሜጋ መስመር ለማውረድ 28 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በ25 ሜጋ ከ4 ሰዓት ተኩል ያንሳል። በየሳምንቱ አዲስ ጨዋታ የሚያወርድ ሰው ከፍ ያለውን ይግዛ፣ ገንዘቡ በከንቱ አልሄደም። ዓመቱን ሙሉ ኤፍሲ የሚባለውን አንድ የኳስ ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ግን ያ ክርክር አይሠራም፤ ማታ ከፍቶት ቢተኛ ከነገ ወዲያ አልቆ ይጠብቀዋል።

ኢትዮ ቴሌኮምም፣ በመስከረም 2015 አገር አቀፍ አገልግሎቱን የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ሦስት ነገር ቢያደርጉ እንወዳለን። ከፓኬጁ ሜጋ ጎን እስከ ዱባይና እስከ ፍራንክፈርት ያለውን የተለመደ ፒንግ ይጻፉልን። የራሱን አድራሻ ለሚፈልግ ተጠቃሚ በሚቀመስ ዋጋ ይስጡት። ለደንበኛ የሚያድሉት ሣጥን ወረፋውን የሚቆጣጠር ሆኖ፣ ቁልፉም በርቶ ይምጣ። እስከዚያው በዚህ ወር ፓኬጅ ልታሳድጉ ያሰባችሁ ገንዘቡን ያዙ፤ መጀመሪያ ከጎረቤት ጋር ያችን የፒንግ ሙከራ ሥሩ፤ ከዚያ 15 ሜትር ኬብል ግዙ።